አንቴናው ይቁም፣ ጎረቤትም እፎይ ብሎ ይደር

ርዕሰ አንቀጽ



ሰሞኑን በሰፈራችን በቡናው ላይም፣ በዕድሩ ድንኳን ሥርም፣ ታክሲ በሚጠበቅበትም ቦታ አንድ ወሬ እየዞረ ነው። «እዚያ ግቢ ሊቆም ነው የሚባለው ብረት ምንድነው?» የሚል። አንዱ «የቴሌ ማማ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ኧረ መብረቅ መጥሪያ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሁለቱም የባሰ ይጨምርበታል። ነገሩ በአቤቱታ መልክ ለማኅበራችን ስለቀረበና የኮሚቴው አባላትም በሁለት ሐሳብ ስለተከፈሉ፣ ይህች ገጽ አይታ እንዳላየች ማለፍ አልቻለችም።

ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የምህንድስና ትምህርት የሚከታተል አንድ የሰፈራችን ወጣት፣ በወላጆቹ ግቢ ለአማተር ሬድዮ የሚሆን 12 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ምሰሶ ለማቆም ሐሳብ አለው። ምሰሶው በሦስት አቅጣጫ በሽቦ መወጠር አለበት። ግቢው ጠባብ በመሆኑም ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ የሚታሰርበት ካስማ ከጎረቤት ግቢ መተከል ግድ ሆነ። የዚያ ቤት እናት ግን «በእኔ ግቢ ሽቦ አይታሰርም፤ ምሰሶውም ባይቆም ደስ ይለኛል» አሉ።

ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ «አይ እማማ! ለልጅ እድገት እንዲህ ይጨከናል እንዴ?» ብለን ነበር። ሄደን ስንጠይቃቸው ግን ሌላ ነገር ሰማን። ባለፈው ክረምት ከሌላ ወገን ጎረቤት ጣሪያ ላይ የነበረ ዲሽ፣ ከነብረቱ በነፋስ ተነቅሎ እርሳቸው ግቢ ወድቋል። ሁለት ቆርቆሮ ቀዷል። የልጅ ልጆቻቸው የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ነበር ያረፈው፤ እግዜር ሲያወጣቸው ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። ባለ ዲሹ ብረቱን አንስቶ ወሰደ። ስለ ቆርቆሮው ግን እስካሁን ትንፍሽ አላለም። እንግዲህ እኒህ እናት «አይሆንም» ቢሉ ይፈረድባቸዋል? የፈሩት ሬድዮን አይደለም፤ የጎረቤትን ዝምታ ነው።

ወደ ፍርዱ ከመግባታችን በፊት ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና።

አማተር ሬድዮ ማለት ለንግድ ያልሆነ፣ ለትምህርትና ለወዳጅነት የሚደረግ የሬድዮ ግንኙነት ነው። ባለ ፈቃዱ ሰው ከቤቱ ሆኖ በትንሽ ማሰራጫ ከሩቅ አገር አማተሮች ጋር ይነጋገራል፤ በድምፅም፣ በሞርስ ቁጥርም፣ በኮምፒዩተርም ይላላካል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ መጠሪያ አለው። የአገራችን አማተሮች መጠሪያ የሚጀምረው በ«ኢ ቲ» ነው፤ ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ለኢትዮጵያ ከመደባቸው ፊደላት አንዱ ነውና። በ5 ኪሎው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ይባላል፤ ብዙ ተማሪዎችም ሙያውን የቀመሱት እዚያ ነው። በአገራችን አማተሮች ጥቂት ስለሆኑ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ከአውሮፓም፣ ከጃፓንም፣ ከአሜሪካም የሚጠሩት ሰዎች እርስ በርስ እስኪደማመጡ ድረስ ይሻማሉ። ከተነጋገሩም በኋላ ለማስታወሻ ካርድ ይላላካሉ።

ከሬድዮ ጋር ትውውቃችን የትናንት አይደለም። የአቃቂው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የአገራችን አቤቱታ በአየር ወደ ዓለም የወጣው ከዚያው ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ የአዲስ አበባ ጣሪያ ቀስ በቀስ የአንቴና ደን ሆነ። እድሜያችን የገፋ ሁሉ እናስታውሳለን። የእንጦጦ ባህር ዛፍ ረጅሙ ተመርጦ ይቆረጥና አንቴናው ጫፉ ላይ ይታሰራል። አንዱ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ግንዱን ያዞራል፤ ሌላው በመስኮት ብቅ ብሎ «መጣ! መጣ! ... አይ ጠፋ! ትንሽ ወደ ኋላ!» እያለ ይጮኻል። ያ የዓሣ አጥንት የሚመስል አንቴና በ1926 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያጊና ኡዳ የተባሉ የጃፓን መምህራን ያወጡት ጥበብ ነው። ዛሬም አማተሮች የሚጠቀሙበት እርሱኑ ነው።

ከዚያ ዲሽ መጣ። ኢትዮሳት ሲጀመር በ7 ዲግሪ ምዕራብ ወዳለው ናይልሳት ይመለከት የነበረውን ዲሽ ሁሉ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ለማዞር የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አልነበረም? ከራስጌያችን ካለው ከእንጦጦ ተራራም ላይ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችውን የመጀመሪያዋን የአገራችንን ሳተላይት ለመከታተል የምድር ጣቢያ ተሠርቷል። ስለዚህ «በጣሪያዬ ላይ ምንም ብረት የለም» የሚል የመጀመሪያውን ድንጋይ ይወርውር። ጉዳዩ የሁላችንም ነው፤ የአንድ ወጣት ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ በየቡናው ለሚነሡት ሥጋቶች አንድ በአንድ መልስ እንስጥ።

«ስለላ ቢሆንስ?» ለሚሉ። ማሰራጫ ያለፈቃድ መጠቀም ክልክል ነው። የሬድዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃድም የሚጠየቀው ከእርሱ ነው። የአማተር ንግግር በግልጽ ቋንቋ የሚደረግ፣ መቀበያ ያለው ማንም ሰው የሚሰማው ነው። ምስጢር ያለው ሰው በአደባባይ አይጮህም። ስለዚህ ማኅበራችን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፈቃዱ ይታይ። ከታየ በኋላ ሐሜቱ ይቁም።

«መብረቅ ይጠራል» ለሚሉ። ምሰሶ ደመናውን ከሩቅ አይጠራም። በአካባቢው ረጅም የሆነ ነገር ግን፣ ዛፍም ይሁን ብረት፣ የመመታት ዕድሉ ይበዛል። ክረምታችን ነጎድጓዳም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። መፍትሔው ምሰሶውን መከልከል ሳይሆን መብረቁ የሚወርድበትን መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ይህን ከታች እንመለስበታለን። የሚያሳዝነው ግን ስለ ሬድዮ ምሰሶ የሚጨነቀው ሰው፣ በራሱ ጣሪያ ላይ ላለው ዲሽ አንዲት ክንድ የመሬት ሽቦ አላበጀም።

«ለጤና ጠንቅ ነው፤ ቴሌቪዥናችንንም ያበላሻል» ለሚሉ። አብዛኛው አማተር የሚጠቀመው ማሰራጫ 100 ዋት ገደማ ነው፤ ይኸውም የድሮው አንድ ትልቅ አምፖል የሚፈጀው ኃይል ነው። ይሁንና በሚያሰራጭበት ጊዜ የአንቴናውን ሽቦ የነካ ሰው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የሽቦው ጫፎች የሰው እጅ በማይደርስበት፣ ከመሬት ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ብለው መታሰር አለባቸው። ቴሌቪዥን ወይም ስፒከር ላይ ጩኸት ከመጣም ማጣሪያ በማስገባትና ገመዱን በማስተካከል ብዙውን ጊዜ ይወገዳል። ጎረቤት ሰዓቱን መዝግቦ ይንገር፤ ወጣቱም ሳይቆጣ ይስማ።

«እሺ፣ ጥቅሙስ ምንድነው?» የሚልም አለ። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታና ስልክ ሁሉ ሲቋረጥ፣ ለሌላ የሬድዮ ሥራ ከሕንድ ዋና ምድር ሄደው እዚያ የነበሩ አማተሮች የሰዎችን ደኅንነት ለዘመዶቻቸው ያስተላለፉት በሬድዮ ነበር። እኛ መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው ሲጠፉ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በዚያን ሰዓት በሰፈሩ አንድ የሚሠራ ሬድዮና የሚያውቀው ልጅ መኖሩ ይጠላል? ከዚህም በላይ፣ ብረት በመበየድና ሽቦ በመለካት ማታውን የሚያሳልፍ ወጣት ሌላ የት ሊያመሽ ይችል እንደነበር ወላጆች ያውቁታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ምሰሶ እንዴት ይቁም? የሚከተለው ለሬድዮ ብቻ ሳይሆን ለቴሌቪዥን አንቴናም፣ ለረጅም ዲሽ ብረትም የሚሠራ ነው።

1ኛ/ የመብራት መስመር። በየመንገዳችን ካሉት መስመሮች ከፍ ያሉት 15 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። ምሰሶ የሚቆምበት ቦታ ከማንኛውም የመብራት ሽቦ በምሰሶው ቁመት ላይ ሌላ 3 ሜትር ተጨምሮበት መራቅ አለበት፤ ቢወድቅ እንኳ እንዳይደርስ። የ12 ሜትር ምሰሶ 15 ሜትር፣ የ8 ሜትር ምሰሶ 11 ሜትር ማለት ነው። ብረቱ መስመር ከነካ ማንም አይጠጋ፤ ወደ 905 ይደወል። ተያይዞ የቀረን ሰው በእጅ ለማላቀቅ መሞከር ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው።

2ኛ/ መሠረት። የሰፈራችን አፈር በብዙ ቦታ ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ በቀጥታ የቆመ ምሰሶ በሁለተኛው ዓመት መጋደሉ አይቀርም። ስለዚህ ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፤ ጠንካራው መሬት ከተገኘ በኋላ በሴሌክት ተጠቅጥቆ ኮንክሪት ይሞላ። ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ28 ቀን ስለሆነ «ነገ ቅዳሜ እናቁመው» አይባልም።

3ኛ/ ውጥረት። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» ማለት መልስ አይደለም። ሽቦዎቹ በሦስት እኩል አቅጣጫ ይወጠሩ። ካስማው ከምሰሶው ሥር የሚርቀው የቁመቱን ከ60 እስከ 80 በመቶ ያህል ይሁን። የሚወጠረው የማይዝግ ወይም ዚንክ የተቀባ የብረት ገመድ ነው እንጂ የብሎኬት ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ አይደለም። በውጥረቱ ሽቦ ላይ ልብስ ማስጣት፣ ለልጆች ዥዋዥዌ ማሰር ፈጽሞ አይፈቀድም።

4ኛ/ የመሬት ሽቦ። ከምሰሶው ሥር 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ፣ ሳይጠማዘዝ በአጭር መንገድ ወርዶ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ወደ መሬት ከገባ በመዳብ የተለበጠ ዘንግ ጋር ይታሰር። ይህም ከቤቱ የመብራት መሬት ሽቦ ጋር ይገናኝ። ነጎድጓድ ሲመጣ የአንቴናው ገመድ ከመሣሪያው ይነቀል፤ ይህ ለቴሌቪዥንም ነው። ነጎድጓዱ ከራስ በላይ ከደረሰ በኋላ ግን ለመንቀል መሮጥ አያስፈልግም፤ ከመሣሪያው መራቅ ነው።

5ኛ/ አተካከል። ምሰሶው ከሥሩ በማጠፊያ ይሠራ፤ ለጥገና ሲፈለግ ይተኛል፣ ሰው አይወጣበትም። በነፋስ ቀን፣ ወይም ብቻን ሆኖ ማቆም ክልክል ነው። ሲተኛም ወደ ባለቤቱ ግቢ እንጂ ወደ ጎረቤት አይደለም።

6ኛ/ ጥገና። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት ክረምት ሳይገባና በመስከረም ክረምት ሲወጣ ይፈተሽ። የላላ ብሎን፣ የዛገ ብየዳ፣ የተበጠሰ የሽቦ ክር፣ በመሠረቱ ዙሪያ የተከፈተ መሬት ይታይ። የተቆረጠ ብረት ጫፍ አንቲረስት ይቀባ። የባህር ዛፍ ግንድ ከሆነ ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ በቢላ ይወጋ፤ ቢላው ከገባ ምስጡ ጨርሶታልና ይውረድ።

ይህን ሁሉ የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በ1970ዎቹ፣ መሪ ገና እርሻ በነበረበት ዘመን፣ በሌላ ሰፈር ልጅ ሳለ፣ ሁለት የባህር ዛፍ ግንድ በሽቦ አቀጣጥሎ ለአባቱ አዲስ ቴሌቪዥን አንቴና አቁሞ ነበር። ሰፈሩ አጨበጨበ። በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከበረዶ ጋር መጣና ግንዱ ከመጋጠሚያው ተሰብሮ የጎረቤታችንን ማድ ቤት ጣሪያ በሳው። ሴትየዋ የቡናውን ረከቦት ይዘው ወደ ሳሎን ከገቡ ገና አንድ ደቂቃ አልሞላም ነበር። አባቴ አልገረፈኝም። በዚያው ምሽት ቆርቆሮና ሚስማር ገዝቶ፣ ፋኖስ አስይዞኝ፣ ዝናብ እየመታው ጣሪያቸውን አደሰ። የእኛ ቴሌቪዥን ሁለት ወር ያለ ምስል ተቀመጠ። «መጀመሪያ የሰው፣ ቀጥሎ የራስ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያቆምነውን ሁለተኛ አንቴና ጉድጓዱን የቆፈሩልን የእኒያው ሴትዮ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ይህች ገጽ የምትለው የሚከተለውን ነው።

ለወጣቱ፦ ምኞትህን እናከብራለን፤ ግን 12 ሜትር ለግቢህ በዝቷል። ለ12 ሜትር ምሰሶ ካስማው ከ7 እስከ 9 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ ይህን ያህል ስፋት የለህም። 8 ሜትር ብታደርገው ካስማው 5 ሜትር ገደማ ርቆ ሦስቱም በራስህ ግቢ ያርፋሉ፤ ከጎረቤት የምትለምነው መሬት አይኖርም። ለ14 ሜጋ ኸርዝ የሚሆነው ሽቦ ጠቅላላ ርዝመቱ 10 ሜትር ያህል ነው። መሐሉን በምሰሶው ጫፍ ሰቅለህ ግራና ቀኙን አምስት አምስት ሜትር እንደ ጎጆ ጣሪያ አዘንብለህ ብታወርደው ይበቃሃል። ከቁመቱ መቀነስ የሚያሳጣህ ነገር እንዳለ እናውቃለን፤ ሩቅ አገር ትንሽ ቀጠን ብለህ ትሰማለህ። ግን ከጎረቤት ጋር ተኳርፎ ከጃፓን ጋር መነጋገር ምን ይባላል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ። ፈቃድህን ለኮሚቴው አሳይ፤ መሠረቱም ኮንክሪት ሳይሞላ በፊት በሙያተኛ ይታይልህ።

ለእናታችን፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ማንም «አላዋቂ ናቸው» ሊልዎ አይገባም። ካስማው ወደ ግቢዎ አይገባም። 8 ሜትሩም ቢሆን ወደ እርስዎ ወገን እንዳይወድቅ በተቻለ መጠን ከአጥሩ ርቆ፣ ማጠፊያውም ወደ ልጁ ቤት ዞሮ እንዲሠራ ኮሚቴው ቆሞ ያያል። ጉዳት ቢደርስ ባለ ምሰሶው እንደሚክስ በጽሑፍ፣ በሁለት ሽማግሌ ፊት ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ግን፣ ልጁ የልጅ ልጆችዎን አንድ ቀን ጠርቶ የሩቅ አገር ድምፅ ቢያሰማልዎ አይከልክሉት።

ለባለ ዲሹ፦ ስምዎን አንጽፍም፤ ራስዎን ያውቃሉ። የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሥሩ የወጣቱ ብረት አይደለም፤ የእርስዎ ያልተከፈለ ሁለት ቆርቆሮ ነው። አንድ ሰው «ይቅርታ» ሳይል ሲቀር የሚከፍለው ያ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ነው። ከአዲሱ ምሰሶ በፊት የአሮጌው ዕዳ ይነሣ። ቆርቆሮውን ለመግዛት አቅም ካጠረዎ ለኮሚቴው በጆሮው ሹክ ይበሉት፤ እናዋጣለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሄደው ይቅርታ መጠየቁን ግን ማንም አያዋጣልዎም።

ለሁላችንም፦ ክረምቱ ሳይገባ እያንዳንዳችን ወደ ጣሪያችን ቀና ብለን እንይ። የማይሠራ፣ የተረሳ፣ በአንድ ሚስማር የተንጠለጠለ ዲሽና አንቴና ሞልቷል። የማያስፈልገው ይውረድ፤ የሚያስፈልገው ይታሰር። መሰላልና መፍቻ የሌለው ከማኅበሩ መጋዘን መዋስ ይችላል። ጣሪያ ላይ መውጣት የማይችሉ አረጋውያን ለኮሚቴው ያስታውቁ፤ ያ ወጣትና ጓደኞቹ መጥተው ሊያጠብቁላቸው ቃል ገብተዋል። ይህ ቃል፣ በእኛ አስተያየት፣ ከማንኛውም የፈቃድ ወረቀት የማይተናነስ መተማመኛ ነው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ነዋሪ ካለ፣ አስተያየቱን ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ካለው ሣጥን ይጨምር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበባል። በየቡናው የሚወራው ግን በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ሦስት ሽቦ በሦስት አቅጣጫ በእኩል ሲወጠር ምሰሶ ያቆማል፤ አንዱ ከላላ ግን ሁለቱ ራሳቸው ጎትተው ይጥሉታል። የአንድ ሰፈር ሰውም እንዲሁ ነው።

መልካም የሥራ ሳምንት ይሁንልን።